አንድ ጊታር ስለ ምን ሁለት ሰው ይመስላል? የእንግሊዝ ፎክ ዘፋኞችና የጣት ድርድር

ከእንግሊዝ አገር የሚመጡ የሙዚቃ ዜናዎችን የሚከታተል ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመዋል፦ «አዲስ ብቅ ያለች የፎክ ዘፋኝ፣ የግጥምና የዜማ ደራሲ፣ አኮስቲክ ጊታር በጣቶቿ የምትጫወት።» ዓረፍተ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ቆም ብሎ ለሚያነበው ግን ጥያቄ ያስነሳል። ፎክ ማለት የሕዝብ ዘፈን ከሆነ፣ ማን እንደ ደረሰውም የማይታወቅ ከሆነ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት እንዴት ደራሲው ትሆናለች? ጊታርን በጣቱ የማይጫወትስ ማን አለ? ደግሞ «ብቅ አለች» ሲባል ከየት ወጥታ ነው?

እኔን ወደዚህ ሙዚቃ የሳበኝ የጣቱ ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በጣት መጫወት ሲባል ምን ማለት ነው?

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የራሱ ጥሩ ቃል አለው። ክራር የሚጫወት ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ግርፍና ድርድር። በግርፍ ሲጫወት ክሮቹን በመምቻ በአንድነት ይጠርጋል፤ የማይፈልጋቸውን ክሮች በግራ እጁ ጣቶች አፍኖ ዝም ያሰኛቸዋል። በድርድር ሲጫወት ግን እያንዳንዱን ክር በተራው በጣቱ ይነካል። በገና የሚጫወተውን ሰው «በገና ደርዳሪ» የምንለውም ለዚህ ነው። ጊታር ሲባል አብዛኛው ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ግርፍ ነው፤ ቀኝ እጅ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ ስድስቱን ክር በአንድ ላይ ሲመታ። እንግሊዞቹ ፊንገርስታይል የሚሉት ደግሞ ድርድር ነው።

ድርድር ዝግ ያለ ግርፍ ነው ማለት ግን አይደለም። ልዩነቱ ያለው በጣቶች የሥራ ክፍፍል ላይ ነው። አውራ ጣት ወፍራሞቹን ክሮች ይዞ ምቱን ይመታል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ሳይፈጥን፣ ሳይዘገይ። አመልካች ጣት፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ቀጫጭኖቹን ክሮች ይዘው ዜማውን ያወጣሉ። ዜማው ሁልጊዜ ከአውራ ጣቱ ምት ጋር እኩል አይወድቅም፤ አንዳንዴ ይቀድመዋል፣ አንዳንዴ በሁለት ምት መካከል ሾልኮ ይገባል።

በእግር የሚረገጥ የልብስ ስፌት መኪና ላይ የተቀመጠ ልብስ ሰፊን ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። እግሩ አንድ ዓይነት ምት ይዞ ይረግጣል። እጆቹ ግን ጨርቁ የሚጠይቀውን ያደርጋሉ፤ ይስባሉ፣ ያጥፋሉ፣ አንገትጌው ጋ ሲደርሱ ያዞራሉ። ጀማሪ ልብስ ሰፊ እጁ ጥግ ላይ ሲደርስ እግሩም አብሮ ይቆማል። ጀማሪ ጊታር ተጫዋችም እንደዚያው ነው። እኔ ራሴ በሞከርኩባቸው ወራት ዜማው ከምቱ ፈቀቅ ባለ ቁጥር አውራ ጣቴ ተከትሎት ይሄድ ነበር። አውራ ጣት ሳይታዘዝ መርገጥ እስኪለምድ ድረስ ቀላሉ ዘፈን እንኳ አይወጣም።

ሌላም ነገር አለ። የተነካ ክር ድምፁ ወዲያው አይጠፋም። አውራ ጣት አንዱን ወፍራም ክር ነክቶ ወደ ሌላው ሲሄድ የመጀመሪያው ገና እየጮኸ ነው። በዚያ ላይ ዜማው ይመጣል፤ በዜማው ላይ ደግሞ ዘፋኙ ድምፁን ያሰማል። ጆሯችን ሦስትና አራት ድምፅ ተደራርቦ ይሰማል፤ እጁ በዚያች ቅጽበት የነካው ግን አንድ ክር ብቻ ሊሆን ይችላል። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ሁለት ሰው የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህም በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ጊታሩን «አጃቢ» ማለት አይበቃውም። ዘፋኙ ሲናገር የሚመልስለት፣ ሲያርፍ የሚቀጥልለት ሁለተኛ ዘፋኝ ነው።

ይህን በጆሮ ለማረጋገጥ የሚመች አንድ አጭር ሥራ አለ። ዴቪ ግራም የተባለ እንግሊዛዊ የደረሰው፣ በ1962 በሸክላ የወጣው «አንጂ» ነው። ግጥም የለውም፤ ጊታር ብቻ ነው። አውራ ጣቱ ላ፣ ሶል፣ ፋ፣ ሚ እያለ አራት ደረጃ ይወርዳል፤ ሚ ላይ ሲደርስ እንደገና ከላ ይጀምራል። በመጀመሪያው ማዳመጥ ቀጫጭኖቹ ክሮች ቀልብ ስለሚስቡ ወራጁ መስመር ያመልጣል። ሁለተኛ ጊዜ ጆሯችሁን ወደ ወፍራሙ ድምፅ ዝቅ አድርጉት፤ ደረጃ የሚወርድ ሰው ኮቴ ትሰማላችሁ። በ1960ዎቹ በእንግሊዝ በጣቱ ጊታር ለመጫወት የተነሣ ብዙ ወጣት በዚህ ሥራ ራሱን ፈትኗል። አሜሪካዊው ፖል ሳይመን እንኳ ሎንዶን ቆይቶ ሲመለስ፣ በ1966 በወጣው የሳይመንና ጋርፈንከል አልበም ላይ ተጫውቶታል።

ጥፍርም በዚህ ሙያ ውስጥ የሥራ መሣሪያ ነው። የፎክ ጊታር ክር የብረት ነው፤ ሥጋ ብቻ ሲነካው ድምፁ ለስላሳ፣ ጥፍር ሲነካው ጥርት ያለ ይሆናል። ብዙዎቹ የቀኝ እጃቸውን ጥፍር ያሳድጋሉ፤ የግራውን ደግሞ ክር ስለሚጫኑበት ከሥጋው አስጠግተው ይቆርጣሉ። ብረቱ ጥፍራቸውን የሚበላባቸው የውበት ሳሎን ገብተው ሰው ሠራሽ ጥፍር ያስለጥፋሉ። መድረክ ሊወጡ ሁለት ሰዓት ሲቀራቸው የአመልካች ጣት ጥፍር ቢሰበርባቸው፣ ለከበሮ መቺ የከበሮው ቆዳ እንደተቀደደበት ያህል ነው።

ጊታር የእንግሊዝ ባህላዊ መሣሪያ ነው?

አይደለም። የእንግሊዝ ገበሬና መርከበኛ ለዘመናት የዘፈነው በአብዛኛው ያለ መሣሪያ፣ በባዶ ድምፁ ነው። መሣሪያ የሚያስፈልገው ለጭፈራ ነበር፤ ለዚያም ቫዮሊን፣ በኋላም በሁለት እጅ የሚሳቡና የሚጨመቁ ትናንሽ የአኮርዲዮን ዘመዶች ነበሩ። በ1903 ሴሲል ሻርፕ የተባለ የሙዚቃ መምህር በሳመርሴት አውራጃ፣ ሃምብሪጅ በምትባል መንደር፣ አንድ አትክልተኛ ሣር እያጨደ ሲዘፍን ሰማው። የአትክልተኛው ስም ጆን ኢንግላንድ ነበር። ሻርፕ እርሳሱን አውጥቶ ዜማውን ጻፈ፤ ከዚያም እስከ ዕለተ ሞቱ በእንግሊዝና በአሜሪካ የአፓላቺያ ተራሮች እየተዘዋወረ ወደ 5 ሺህ የሚጠጋ ዜማ ሰበሰበ። ዛሬ በሎንዶን በስሙ የተሠራው ቤት የእንግሊዝ ባህላዊ ዘፈንና ጭፈራ ማኅበር መቀመጫ ነው። ሻርፕ መዝግቦ ያቆየልን ግን ዜማና ቃል ነው፤ ጊታሩ ገና አልደረሰም።

የደረሰው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ሎኒ ዶኔጋን የተባለ ዘፋኝ በ1956 አንድ የአሜሪካ የባቡር ዘፈን በጊታር ይዞ ተነሣና የብሪታንያ ወጣት በሙሉ ጊታር ፍለጋ ወጣ። ሙዚቃው ስኪፍል ይባል ነበር። ርካሽ ጊታር፣ በጣት የሚቧጠጥ የልብስ ማሻሻ ቆርቆሮ፣ ከሻይ ሣጥንና ከገመድ የተሠራ ቤዝ፤ ይህ ብቻ ባንድ ለመመሥረት በቂ ነበር። ቢትልሶችም የጀመሩት በዚህ መንገድ ነው።

ስኪፍል ግርፍ ነበር። ከላይ ያልኩት አውራ ጣት የመጣው ከአሜሪካ ጥቁሮች ነው። ቢግ ቢል ብሩንዚ የተባለው የብሉዝ ሰው ከ1951 ጀምሮ ብሪታንያ እየመጣ ሲጫወት ወጣቶቹ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው እጁን ያጠኑ ነበር። ከእሱ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የኤልዛቤት ኮተን ታሪክ ነው። በሰሜን ካሮላይና የተወለደች ጥቁር ሴት ናት፤ ግራኝ ነበረች። ወንድሟ የሚጫወትበትን ለቀኝ እጅ የተሠራ መሣሪያ ገልብጣ ይዛ ስለተማረች የጣቶቿ ሥራ ከሌላው ሰው ተገለበጠ፤ ምቱን በጣቶቿ፣ ዜማውን በአውራ ጣቷ ታወጣ ነበር። ለአሥርተ ዓመታት ጊታሩን ትታ በሰው ቤት ስትሠራ ቆየች። ሥራ የገባችበት ዋሽንግተን ያለ ቤት የሲገር ቤተሰብ፣ ማለትም የሙዚቃ አጥኚዎችና የፎክ ዘፋኞች ቤት ሆነና እጇ እንደገና ክር ነካ። የቤቱ ልጅ ፔጊ ሲገር በ1956 ወደ ብሪታንያ ስትሻገር የኮተንን ዘፈን ይዛ ሄደች። ኮተን በልጅነቷ ስለ ጭነት ባቡር የደረሰችው ያ ዘፈን በ1957 በብሪታንያ ገነነ፤ በሸክላው ላይ ግን የደራሲነቱን ስም ሌሎች ሰዎች ወስደውት ነበር። የእሷ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። በ1985 የግራሚ ሽልማት ስትቀበል ዘጠና ዓመት አልፏት ነበር። በእንግሊዝ ፎክ ክበብ ውስጥ የሚሰማው ያ የአውራ ጣት ምት የእሷና የመሰሎቿ ውለታ አለበት፤ ስለዚህ ሙዚቃ ሲጻፍ ስሟ ሊቀር አይገባም።

ዴቪ ግራምም ራሱ ከብዙ አገር የተሠራ ሰው ነው። በ1940 በእንግሊዝ ሂንክሊ ተወለደ፤ እናቱ ከጉያና፣ አባቱ ከስኮትላንድ ናቸው። ዛሬ ብዙ ሰው «ይህ ነው የእንግሊዝ ድምፅ» የሚለውን ጊታር ያዋለደው እሱ ነው፤ የረዳው ደግሞ አንድ የሞሮኮ ጉዞ ነው።

ክሮቹን እንደገና መቃኘት ለምን አስፈለገ?

ተራው የጊታር ቅኝት ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ነው። ዓለም ሁሉ የሚማርበት እሱ ነው። ግራም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሞሮኮዋ ታንጀር ከተማ ሄዶ ዑድ የተባለውን የዐረብ የክር መሣሪያ ከሚጫወቱ ሰዎች ጋር ሊጫወት ሲሞክር ግን አላስኬደውም። ስለዚህ ወፍራሙን ክርና ሁለቱን ቀጫጭን ክሮች እያንዳንዳቸውን በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አደረጋቸው። ውጤቱ ሬ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ላ፣ ሬ ሆነ። እንግሊዞች ድምፆችን በፊደል ስለሚጠሩ ስድስቱ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ዳድጋድ» ተብለው ይነበባሉ፤ ቅኝቱም በዚህ ስም ቀረ።

ክራር ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ለትዝታ የተቃኘ ክራር አንቺሆዬን አይጫወትም፤ ተጫዋቹ ጆሮውን አስጠግቶ እንደገና ይቃኘዋል። በጊታር ላይ ግን አንዱ ቅኝት እንደ ሕግ ተቆጥሮ ስለኖረ ግራም ያደረገው ነገር ድፍረት ነበር።

ምን ተለወጠ? በዳድጋድ የተቃኘ ጊታርን ግራ እጃችሁን ሳታሳርፉ ስድስቱን ክር ብትነኩት ደስታም ኀዘንም ያልለየለት ድምፅ ይወጣል። በምዕራባውያን ሙዚቃ ድምፁን ወደ ደስታ ወይም ወደ ኀዘን የምትጎትተው አንዲት ድምፅ፣ ከመነሻው ሦስተኛዋ፣ በባዶዎቹ ክሮች ውስጥ የለችም። የእንግሊዝና የአየርላንድ ጥንታዊ ዜማዎች ብዙዎቹ እንዲህ ባለ መካከለኛ ስሜት ላይ የቆሙ ናቸውና ቅኝቱ ልክ ሆነላቸው። ከዚህም ሌላ ወፍራሞቹ ክሮች ማንም ሳይጫናቸው ትክክለኛውን ድምፅ ስለሚሰጡ አውራ ጣት እነሱን እየነካ የማያቋርጥ እርጋታ ይይዛል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ነፃ ወጥተው ዜማውን እንደልባቸው ያስጌጣሉ። የሮክ ባንዱ ሌድ ዜፐሊን በ1975 ያወጣውን «ካሽሚር» የሰማ ሁሉ ይህን ቅኝት ሰምቷል፤ የባንዱ ጊታር ተጫዋች ጂሚ ፔጅ ያንን የተጫወተው በዳድጋድ ነው።

አንዴ በሩ ከተከፈተ እያንዳንዱ የራሱን ቅኝት ይፈልግ ጀመር። ባህላዊ ዘፈኖችን በመዝፈን የተከበረው ማርቲን ካርቲ ዶ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሬ፣ ሶል፣ ላ ላይ ረጋ። ኒክ ድሬክ ለአንዳንድ ዘፈኖቹ ዶ፣ ሶል፣ ዶ፣ ፋ፣ ዶ፣ ሚ ብሎ ይቃኝ ነበር። ጊታር ተጫዋቾች የድሬክን ቅኝቶች ከሸክላው እያዳመጡ ለመፍታት ዓመታት ደክመዋል።

ቅኝት መለዋወጥ ዋጋም ያስከፍላል። በሸክላ ላይ አይታይም፤ በመድረክ ላይ ግን ይታያል። ድሬክ በ1948 ያኔ በርማ ትባል በነበረችው አገር ተወልዶ በእንግሊዝ ዎሪክሸር ያደገ፣ ካምብሪጅ የተማረ፣ በጣም ዓይን አፋር ወጣት ነበር። አንድ ዘፈን ይጨርስና ለሚቀጥለው ጊታሩን መቃኘት ይጀምራል። ጎንበስ ብሎ መቃኛዎቹን ያዞራል፤ አንድ ክር ይነካል፣ ያዳምጣል፣ እንደገና ያዞራል። ለተመልካቹ አንድ ቃል አይናገርም። ደቂቃዎች ያልፋሉ። መጠጥ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ዝምታን አይችልምና ወሬው ይነሣል፤ ብርጭቆው ይንኳኳል፤ ሁለተኛው ዘፈን በጫጫታው ውስጥ ይጀምራል። ድሬክ ብዙም ሳይቆይ መድረክ መውጣቱን ተወ። ሦስት አልበም አወጣ፤ በሕይወት እያለ ከሦስቱ አንዱም አልተሸጠለትም ማለት ይቻላል። የመጨረሻውን፣ በ1972 የወጣውን «ፒንክ ሙን»፣ ከድምፅ መሐንዲሱ ከጆን ውድ ጋር ብቻ ሆኖ በሁለት ሌሊት ቀረጸው። ድምፁና ጊታሩ፣ በአንድ ዘፈን ላይ ብቻ ጥቂት ፒያኖ፤ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ነው። በድብርት ሕመም ሲሰቃይ ቆይቶ በ1974 በ26 ዓመቱ አረፈ። ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን በአሜሪካ በአንድ የመኪና ማስታወቂያ ላይ ሲሰማ አልበሞቹ ይፈለጉ ጀመር።

«ብቅ ያለ» በሚለው ቃል ላይ የምጠነቀቀው ስለዚህ ሰው ሳስብ ነው። ድሬክ ብቅ ሳይል ነው የሞተው፤ ሦስቱ አልበሞቹ ግን አንድም ድምፅ አልተጨመረባቸውም፣ ያኔ እንደተቀዱ ነው ያሉት።

አዲስ የተጻፈ ዘፈን እንዴት «ፎክ» ይባላል?

ፎክ የሚለው ስም ዛሬ ሁለት ዓይነት ሰዎችን ይሸፍናል። አንደኞቹ ባህላዊውን ዘፈን የሚዘፍኑ ናቸው። ደራሲው አይታወቅም፤ ዘፈኑ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ቃሉም ዜማውም እየተለወጠ መጥቷል። ስቲቭ ራውድ የተባለ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እነዚህን ዘፈኖች በቁጥር እየለየ መዝግቧቸዋል፤ ወደ 25 ሺህ ይደርሳሉ። አንድ ዘፈን በሃያ መንደር ሃያ ዓይነት ርዕስ ቢኖረውም ቁጥሩ አንድ ነው።

ደራሲ የሌለው ዘፈን ባለቤት የለውም። ግን አንድ ሰው ለዘፈኑ የራሱን የጊታር አደራደር ቢፈጥርለት ያ አደራደር የእሱ ነው፤ በአልበም ሽፋን ላይ «ባህላዊ፣ ቅንብር እገሌ» ተብሎ የሚጻፈውም ለዚህ ነው። ይህን መስመር አለማክበር ምን ያህል እንደሚያቆስል ካርቲና ሳይመን ያሳያሉ። ካርቲ በጥንታዊው «ስካርቦሮ ፌር» ዘፈን ላይ የራሱን የጣት ድርድር ሠርቶ ሎንዶን ውስጥ ይጫወተው ነበር። ሳይመን ከእሱ ተማረው። በ1966 ሳይመንና ጋርፈንከል ሲቀዱት ዓለም አወቀው፤ የካርቲ ስም ግን አልተጠቀሰም። ቅሬታው ለብዙ ዓመታት ቆየ። በ2000 ሳይመን ሎንዶን ሲመጣ ካርቲን መድረክ ላይ ጋብዞት ዘፈኑን አብረው ዘፈኑት።

ሁለተኞቹ ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው የሚደርሱ ናቸው። እነሱ ከባህሉ የወረሱት ዘፈኖቹን ሳይሆን የአሠራሩን ዘዴ ነው። ዘፈናቸው ታሪክ ይነግራል፤ ብዙውን ጊዜ ሰው አለበት፣ መንገድ ወይም ወንዝ አለበት፣ የሚመለስ አዝማች አለው። ዜማው አንድ ሰው ያለ መሣሪያ ሊያንጎራጉረው የሚችል ነው። ጊታሩም ያ ድርድር ነው። አዲስ ቤት በአሮጌው የጭቃና የጭድ አሠራር ሲሠራ ቤቱ አዲስ፣ ዕውቀቱ የአያት እንደሆነ ሁሉ፣ ዘፈኑ ትናንት ቢጻፍም እጁ የአያት ነው። ባህላዊውን ብቻ «ፎክ» የሚሉ አጥባቂዎች በእንግሊዝ ዛሬም አሉ። እኔ ግን ክርክሩ ብዙ የሚያስኬድ አይመስለኝም፤ አንድ ሰው በአንድ መድረክ ሁለቱንም ሲዘፍን ተመልካቹ የትኛው የማን እንደሆነ ሳይለይ አብሮ ያዜማል።

«ብቅ ያለች» ሲባል ከየት ነው?

ከመጠጥ ቤት ፎቅ። የእንግሊዝ ፎክ ክበብ ማለት አብዛኛውን ጊዜ የመጠጥ ቤት የላይኛው ወይም የኋላው ክፍል ነው፤ ሠላሳ አርባ ወንበር፣ አንዳንዴ ያለ ማይክሮፎን። በሳምንት አንድ ቀን ይሰበሰባሉ። ዋናው እንግዳ ከመዝፈኑ በፊት ማንም ሰው ተነሥቶ ሁለት ወይም ሦስት ዘፈን እንዲዘፍን ይፈቀድለታል። ክፍያ የለውም። አዲሱ ሰው መጀመሪያ የሚታየው እዚህ ነው። የወደደው ክበብ ሌላ ጊዜ በዋና እንግዳነት ይጠራዋል፤ ከዚያ ወሬው ወደ ሌላው ከተማ ክበብ ይሄዳል፤ ከዚያም በ1965 እንደተጀመረው የካምብሪጅ ፎክ ፌስቲቫል ያሉ በዓላት ይከተላሉ። በዚያው ዓመት በሎንዶን ሶሆ፣ ግሪክ ስትሪት ላይ የተከፈተው «ሌ ካዘንስ» የተባለ ምድር ቤት ክበብ ጊታር ተጫዋቾቹን በርት ጃንሽን፣ ጆን ሬንቦርንንና ብዙ ሌሎችን አሳድጓል። ጃንሽ የመጀመሪያ አልበሙን የቀዳው በሰው ቤት ውስጥ፣ በተዋሰው ጊታር ነው።

በእነዚህ ክበቦች ውስጥ ዘፈን ከዘፈን መካከል ማውራትም የሙያው ክፍል ነው። ቅኝት እስኪለወጥ ድረስ ዘፈኑ ከየት እንደመጣ ይነገራል፣ አጭር ታሪክ ይተረካል። ለድሬክ ያልሆነለት ይህ ነበር። ዛሬ በጊታሩ ራስ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መቃኛ አለ፤ አቅም ያለውም በየቅኝቱ የተዘጋጁ ሁለትና ሦስት ጊታሮች ይዞ ይወጣል።

በዚህ ዘመን መንገዱ እንዴት እንደተለወጠ ላውራ ማርሊንግን ማየት ይጠቅማል። በ1990 ተወለደች፤ ያደገችው በሃምፕሸር ነው፤ ጊታር ያስተማሯት አባቷ ናቸው። የመጀመሪያ አልበሟ በ2008 ሲወጣ ገና 18 ዓመቷ ነበር። በ2011 በብሪት ሽልማት ምርጥ ብሪታኒያዊት ዘፋኝ ተባለች። በ2020 ወረርሽኙ ሁሉን ሰው ቤቱ ሲዘጋው ኢንስታግራም ላይ ተቀምጣ የራሷን ዘፈኖች ቅኝትና ድርድር ክር በክር ታስተምር ጀመር። የቀደመው ትውልድ ከሸክላ ላይ በግምት የፈታውን ነገር ዛሬ ደራሲዋ ራሷ፣ እጇን ወደ ካሜራ አስጠግታ ታሳያለች። አሁን «ብቅ አሉ» የሚባሉት ወጣቶች ብዙዎቹ ከእንደዚህ ዓይነት ቪዲዮዎች የተማሩ ናቸው።

በዚህ ሙያ መኖር ይቻላል?

በጭንቅ። ክበብ ውስጥ የሚገኘው ገቢ የበር መግቢያና በር ላይ የሚሸጥ ሲዲ ነው። በኢንተርኔት ማዳመጫዎች አንድ ጊዜ መደመጥ የሚያስገኘው የአንድ ሳንቲም ቁራሽ ነው፤ ስፖቲፋይ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ በዓመት ከአንድ ሺህ ጊዜ በታች ለተደመጠ ዘፈን ምንም አይከፍልም። ጀማሪን የሚመታ ሕግ ነው። ዘፋኙን የሚያቆየው ብቻውን መሆኑ ነው። የሚከፍለው ባንድ የለውም፤ አንድ ጊታር ሁለት ሰው ስለሚመስል አንድ ሰው ተጉዞ የሙሉ ምሽት ትርኢት ያቀርባል። ከሥራ በኋላ በሌሊት መኪና እየነዳ ይመለሳል፤ በማግስቱ ሌላ ከተማ።

ኒክ ጆንስ እንዲህ ነበር የሚኖረው። ባህላዊ ዘፈኖችን የሚጫወትበት ድርድር ከማንም አይመሳሰልም፤ ቀኝ እጁ ክሩን እየነካ በዚያው ቅጽበት ክሩን ያፍነዋል፣ ጊታሩም እንደ ከበሮ ይመታል። በ1980 ያወጣው «ፔንግዊን ኤግስ» ለብዙ ጊታር ተጫዋቾች የዚህ ሙዚቃ ቁንጮ ነው። በየካቲት 1982 በግሎሶፕ ፎክ ክበብ ተጫውቶ በሌሊት ወደ ቤቱ ሲመለስ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ብዙ አጥንቱ ተሰበረ፤ ለወራት ሆስፒታል ተኛ፤ እጁ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ለሃያ ስምንት ዓመታት መድረክ ላይ አልታየም።

በ2010 ተመለሰ። በተከተሉት ዓመታት ቁጭ ብሎ ይዘፍን ነበር፤ ድምፁ አልጠፋም። ከጎኑ ጊታር ይዞ የሚቀመጠው ልጁ ነበር። ልጁ በአባቱ ቅኝት ጊታሩን ይቃኝና በአውራ ጣቱ ይጀምር ነበር፤ አባቱ ጥቂት ምት ያዳምጥና ይገባ ነበር።